ቁልቁለቱ ለባትሪ፣ ዳገቱ ለቤንዚን፦ በደብረ ብርሃንና በሸዋ ሮቢት መካከል የምትመላለስ የአንዲት ፕለግ ኢን ሃይብሪድ መኪና ጉዳይ

መነሻው

ባለጉዳዩ ደብረ ብርሃን ውስጥ የመስኖ ፓምፕና የፓምፕ መለዋወጫ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። ሸዋ ሮቢት ላይ ከታናሽ ወንድማቸው ጋር የሚያለሙት የሽንኩርትና የማሾ መሬት አላቸው። በበጋው የመስኖ ወራት መንገዱ ሰላም በሆነበት ሳምንት ሁሉ ጠዋት ወርደው ማታ ይመለሳሉ። አልፎ አልፎ ዕቃ ለማምጣት አዲስ አበባ ይሄዳሉ። መኪናዋን አብዛኛውን ጊዜ የሚነዳው የእኅታቸው ልጅ ነው፤ ቀደም ሲል አይሱዙ ላይ የሠራ ጎበዝ ሹፌር ነው።

መኪናዋ ያገለገለች ፕለግ ኢን ሃይብሪድ ናት። 1.5 ሊትር የቤንዚን ሞተር፣ አንድ ጠንካራ የኤሌክትሪክ ሞተርና 18 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ የሚይዝ ባትሪ አላት። ባትሪው ቤት ውስጥ ካለ ሶኬት ይሞላል፤ ሲያልቅ መኪናዋ እንደ ተራ ሃይብሪድ፣ ሁለት ሞተር እያላት በሶኬት እንደማትሞላው ዓይነት፣ በቤንዚን ትቀጥላለች። ጥፋቱ የመኪናዋ ስላልነበረ ማርካዋን አልጠቅስም።

እኔ የተሽከርካሪ ኤሌክትሪክ ሥራ ነው የምሠራው። የጠሩኝም "ይቺ መኪና ታማለችና እይልኝ" ብለው ነው።

መንገዱን ለማያውቅ ሰው ጥቂት ልበል። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከዚያ በጉዶ በረት በኩል ቀስ እያለ ከፍ ይልና ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ በጣሊያን ጊዜ የተቆፈረውን ዋሻ ካለፉ በኋላ መንገዱ ይዘቀዘቃል፦ ደብረ ሲና፣ አርማንያ፣ ከዚያ ሸዋ ሮቢት፣ 1,300 ሜትር አካባቢ። ጠዋት ብርድ የሚያንቀጠቅጠው ሰው እኩለ ቀን ላይ ሸሚዙን ይፈታል። ደርሶ መልሱ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ችግሩ

ሻጩ የሰጣቸው ወረቀት ላይ ለ100 ኪሎ ሜትር 0.9 ሊትር ይላል። በእኛ አነጋገር ሲመነዘር በሊትር 110 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ በሊትር ከ100 ብር ሲያልፍ፣ ሰልፉም ሲረዝም፣ መኪናዋን የገዙት ይህን ቁጥር አምነው ነበር።

ነዳጅ እንደ ቴሌብር ባለ የስልክ ክፍያ መግዛት ግዴታ ከሆነ ወዲህ አንድ ጥሩ ነገር መጥቷል፤ ሒሳቡ ስልክ ውስጥ ይቀመጣል። መልእክቶቹን ከወራት ወደኋላ አንድ በአንድ አየናቸው። አንድ የሸዋ ሮቢት ደርሶ መልስ 13 ሊትር ገደማ ይፈጃል፤ በሊትር 14 ኪሎ ሜትር ተኩል ማለት ነው። ይህን ማንኛዋም ደህና የተያዘች ትንሽ የቤት መኪና ታመጣዋለች። ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየውን አማካይ ግን ለምርመራው አልተጠቀምንበትም፤ ልጁ በየጊዜው ከዜሮ ስለሚያስጀምረው የትኛው ጉዞ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

ኮምፒዩተር አስገብቼ መረመርኳት። አንድም የብልሽት ኮድ የለም። ባትሪው ጤነኛ ነው፣ የቤንዚኑ ሞተርም ንጹሕ ነው። ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነበር።

አንደኛ፣ መኪናዋ ከተገዛች ጀምሮ በሶኬት ተሞልታ አታውቅም ማለት ይቻላል። ቻርጀሩ ሲሰካ ቀይ መብራት እያብለጨለጨ እምቢ ይላል፤ ቤተሰቡም "ቻርጀሩ ተበላሽቷል" ብሎ ኮፈኑ ውስጥ አስቀምጦታል። የተበላሸ ነገር ግን አልነበረም። እንዲህ ያሉ ቻርጀሮች የመሬት ሽቦ የሌለው ሶኬት ሲያገኙ ለደኅንነት ሲባል ሥራ ያቆማሉ። የቤቱ ሶኬቶች ሦስት ቀዳዳ ቢኖራቸውም ሦስተኛው ቀዳዳ ከኋላው ምንም ሽቦ የለውም። ብዙ ቤቶቻችን እንደዚሁ ናቸው።

ሁለተኛ፣ ባትሪው ባዶ መሆኑ ያናደደው ልጅ እየነዳ በቤንዚን ባትሪ የሚሞላውን ሞድ አግኝቶ ሁልጊዜ እሱን ይጫናል። ቤንዚን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ ማምረት፣ ኤሌክትሪኩን ባትሪ ውስጥ ማስገባት፣ ከዚያ መልሶ ማውጣት በየደረጃው ኪሳራ አለው።

ሦስተኛውን ያገኘሁት አብሬያቸው ስወርድ ነው። ዋሻውን እንደወጣን ልጁ ማርሹን ዜሮ አደረገና መኪናዋን ለቀቃት። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ "ጋሼ፣ ቁልቁለት ላይ ነዳጅ መስጠት ምን ይባላል? አይሱዙ ላይም እንዲሁ ነበር የምናደርገው" አለኝ። ደብረ ሲና ቆሎ ለመግዛት ስንቆም ከፊት ጎማዎቹ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ይመጣ ነበር። ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ ዲስኩ ላይ ሙቀት የሚያመጣው ሰማያዊ ቀለም ጣል ብሏል። የባትሪው መቶኛ ደግሞ ከጣርማበር ጀምሮ ምንም አልጨመረም።

0.9 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ

ባለቤቱ ተታልያለሁ ብለው ነበር፤ ስለዚህ ስሌቱን ወረቀት ላይ ሠርቼ አሳየኋቸው። በቀድሞው የአውሮፓ መለኪያ፣ ቻይናም ለዓመታት በተጠቀመችበት፣ የፕለግ ኢን ሃይብሪድ ፍጆታ የሚወጣው በሁለት ሙከራ ነው፤ አንዱ ባትሪው ሞልቶ፣ ሌላው ባትሪው አልቆ። ሁለቱን ሲያዋህዱ፣ ባትሪው ካለቀ በኋላ ሰውየው ሌላ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ሄዶ እንደገና ይሞላል ብለው ይነሳሉ። መኪናዋ በባትሪ ብቻ 110 ኪሎ ሜትር የምትሄድ፣ ባትሪው ሲያልቅ ደግሞ ለ100 ኪሎ ሜትር 5 ሊትር የምትፈጅ ከሆነ፣ የ25ቱ ኪሎ ሜትር ቤንዚን ለ135 ኪሎ ሜትር ይካፈላል። ውጤቱ 0.93 ሊትር ነው። ሶኬት ላይ የተከፈለው የመብራት ሒሳብ ከዚህ ቁጥር ውስጥ የለም። ሙከራው የሚሠራው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፤ ጣርማበርም የደብረ ብርሃን ውርጭም እዚያ የሉም።

ቁጥሩ ውሸት አይደለም፤ በየቀኑ ለሚሰካና አጭር ለሚሄድ ሰው የተሠላ ነው። ጭራሽ ለማይሰካ ሰው ትርጉም የለውም። ችግሩ የእኛ አገር ብቻም አይደለም። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ከመኪኖቹ ከራሳቸው የተሰበሰበ መረጃ ሲያወጣ፣ የፕለግ ኢን ሃይብሪዶች ትክክለኛ ልቀት፣ ማለትም ከሚያቃጥሉት ነዳጅ የሚወጣው የካርቦን ጋዝ፣ በአማካይ ከወረቀቱ 3.5 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ዋናው ምክንያት ሰዎቹ እንደታሰበው አለመሰካታቸው ነው።

ቁጠባው ከየት ይመጣል

በአንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ጉልበት አለ። ተራ መኪና ከዚህ ሩቡን እንኳ ጎማ ላይ ማድረስ ይከብዳታል፤ የቀረው በጭስ ማውጫና በራዲያተር ይወጣል። በተለይ ከተማ ውስጥ ቆም ሄድ ሲባል ሞተሩ ቀላል ሥራ እየሠራ ብዙ ያባክናል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ከተሰጠው አብዛኛውን ወደ ጎማ ያደርሳል፤ ሲቆምም ምንም አይወስድ።

የሃይብሪድ ቤንዚን ሞተርም ከተራው ይለያል። አትኪንሰን በሚባለው ዑደት ይሠራል፤ የአየር ማስገቢያው ቫልቭ ዘግይቶ ስለሚዘጋ፣ የተቃጠለው ጋዝ ከታመቀበት በላይ ረዝሞ ይገፋል። ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ቁጠባው ይጨምራል። የጎደለውን ጉልበት የኤሌክትሪክ ሞተሩ ይሞላል። በዚህ መንገድ የአንዳንዶቹ ሞተሮች የጉልበት አጠቃቀም 40 በመቶና ከዚያ በላይ ደርሷል፤ ይህ የሚገኘው ግን ሞተሩ ደህና ጭነት ተሸክሞ፣ ሳይዋዥቅ ሲሠራ ነው።

ሦስተኛው ምንጭ ለዚህ መንገድ ከሁሉም ይበልጣል። ማርሽ ገብቶ እግር ከነዳጅ ሲነሳ ወይም ፍሬን ቀስ ብሎ ሲያዝ፣ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ይለወጥና ባትሪውን ይሞላል። ከነሰዉና ከነዕቃዋ 2 ቶን የምትመዝን መኪና ከጣርማበር ሸዋ ሮቢት ስትወርድ የምትለቀው ጉልበት ከ9 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበልጣል፤ አንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ ካለው ጋር ይመጣጠናል። ከፊሉን ጎማና ንፋስ ይወስዱታል። የቀረው ወይ ባትሪ ውስጥ ይገባል፣ ወይ የፍሬን ሸራ ያቃጥላል። ማርሽ ዜሮ ሲሆን ጄኔሬተሩ ከጨዋታ ውጪ ነው፤ ያ ልጅ ነዳጅ ቆጠብኩ ብሎ የሚያቃጥለው ይህንኑ ነበር። አደጋውን ሳንቆጥር ማለት ነው፤ በዚያ ቁልቁለት በጋለ ፍሬን መውረድ ከነዳጅ በላይ ያስከፍላል።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ የመሬት ሽቦ። ግቢው ውስጥ የመዳብ ዘንግ ተቀበረ፤ ከቆጣሪው እስከ መኪና ማቆሚያው ራሱን የቻለ ወፍራም ሽቦ በራሱ ብሬከር ተዘረጋ። በማከፋፈያ ገመድ መሰካት በፍጹም አልፈቀድኩም። ስምንትና አስር ሰዓት ያለማቋረጥ የሚሠራ ነገር ላይ ልል ሶኬት መጀመሪያ ይሞቃል፣ ከዚያ ይቀልጣል። ቻርጀሩ በ8 አምፔር ስለሚስብ ምጣድ ከሚወስደው ያንሳል፤ ባዶ ባትሪ ለመሙላት ግን ሌሊቱን ሙሉ ይፈልጋል። አመሻሽ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ መብራቱ ስለሚወርድ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት እንዳይጀምር ሰዓቱን አስተካከልንለት። ይህ ብቻውን ደርሶ መልሱን ከ13 ሊትር ወደ 9 ሊትር ገደማ አወረደው።

ቀጥሎ አነዳዱ። በቤንዚን ባትሪ የሚሞላው ሞድ ቀረ። ቁልቁለት ላይ ማርሹ ገብቶ፣ ጉልበት መመለሻው ከፍተኛው ላይ ሆኖ፣ ፍሬን አስቀድሞና በለሆሳስ እንዲያዝ ተስማማን፤ ድንገት ሲረገጥ የሸራው ፍሬን ስለሚገባ ባትሪው ድርሻውን ያጣል። ልጁ በቃል አልተቀበለኝም። ስለዚህ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን መቶኛ እንዲያይ ብቻ ነገርኩት። ጣርማበር ላይ 35 በመቶ የነበረው ሸዋ ሮቢት ሲደርስ 58 ሆነ። ከዚያ በኋላ ማሳመን አላስፈለገም፤ እንዲያውም አሁን ለሌሎች ሹፌሮች የሚሰብከው እሱ ነው። ፍጆታው ወደ 7 ሊትር ወረደ።

ሦስተኛው እርምጃ የባለቤቱ ሐሳብ ነው። ሸዋ ሮቢት የፓምፕ መጋዘን አላቸው፤ መኪናዋ እዚያ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆማ ትውላለች። "ለምን እዚያም አትሰካም?" አሉ። መጋዘኑ ጥላ ውስጥ ሁለተኛ ሶኬት ከነመሬት ሽቦው ተሠራ። በአምስት ሰዓት ውስጥ ባትሪው ሊሞላ ይቃረባል፤ ቁልቁለቱ አስቀድሞ ከግማሽ በላይ አድርሶታልና።

በመጨረሻ የመልሱን ጉዞ ከፋፈልነው። ልጁ ከሸዋ ሮቢት እንደወጣ ባትሪው እስኪያልቅ በኤሌክትሪክ ብቻ ይወጣ ነበር። ያኔ ደብረ ሲና ሳይደርስ ባትሪው ያልቅና የቀረውን ዳገት የቤንዚኑ ሞተር ብቻውን እየጮኸ ይወጣዋል። 3,000 ሜትር ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩቡን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያጣል። ተሳቢ ለመቅደም ሲሞከር ይህ ያስፈራል። አሁን ዳገቱ ሲጀምር ሁለቱ ሞተሮች አብረው የሚሠሩበት ሃይብሪድ ሞድ ላይ ይደረጋል። ከባዱንና የማይዋዥቀውን ሥራ የቤንዚኑ ሞተር ይይዛል፤ እንዲህ ያለው ሥራ ለእሱ የሚስማማው ነውና። ባትሪው ያግዛል፣ ግን ይተርፋል። ከጣርማበር እስከ ደብረ ብርሃን ያለውን ሜዳማ መንገድና የከተማውን ግርግር በተረፈው ባትሪ ይጨርሳል።

ያልሠራው

አንድ ሙከራ ጭራሽ ወደቀ። ባለቤቱ "ባትሪውን ለተራራው እናቆየው" ብለው ከደብረ ብርሃን እስከ ጣርማበር በቤንዚን ብቻ አስነዱ። ሐሳቡ ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ዋሻው ላይ ባትሪው ሙሉ ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ደብረ ሲናን አለፍ እንዳሉ ሞላ። የሞላ ባትሪ ደግሞ ከዚያ በላይ አይቀበልም። ጉልበት መመለሱ ቆመ፣ የቤንዚኑ ሞተር ነዳጅ ሳይወስድ እየተሽከረከረ መያዝ ጀመረ፣ የቀረውን የሸራው ፍሬን ተሸከመው። አርማንያ ላይ ያ ሽታ ተመለሰ። ሜዳው ላይ ቤንዚን ወጣ፤ ቁልቁለቱ የሰጠውም ባከነ። ሙሉ ባትሪ የሚፈለገው ዳገት ሥር ነው፤ ቁልቁለት አፋፍ ላይ ቦታ ያለው ባትሪ ይሻላል።

ሁለተኛው ብርዱ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ጠዋት ደብረ ብርሃን ውርጭ ሲሆን፣ ማሞቂያው ሲከፈት በዚህች መኪና የቤንዚኑ ሞተር ይነሳል፤ ባትሪው ሙሉ ቢሆንም። ሙቀቱን የሚያገኘው ከሞተሩ ውኃ ስለሆነ ነው። ለዚህ ቴክኒካዊ መፍትሔ አላገኘሁም። ባለቤቱ ጋቢያቸውን ደርበው መሄድ መርጠዋል፤ ልጁ ግን መስተዋቱ ጉም ሲለብስ ማሞቂያውን ይከፍታል፣ ልክም ነው። በዚያ ብርድ ባትሪውም ራሱ ከቁልቁለት የሚቀበለው ይቀንሳል። ስለዚህ የታኅሣሥ ጠዋት ቁጥር ከየካቲቱ ሁልጊዜ ይከፋል።

መብራት ሲጠፋ የሚደረግ ነገር የለም። ሸዋ ሮቢት ላይ መብራት ጠፍቶ በዋለበት ቀን ደርሶ መልሱ ተመልሶ 7 ሊትር አካባቢ ይሆናል። አንድ ጊዜ ልጁ የመስኖ ጄኔሬተር አስነስቶ ሊሰካ ሲል ባለቤቱ ከልክለውታል። ናፍጣ አቃጥሎ ቤንዚን መቆጠብ ምን ትርፍ አለው?

የአዲስ አበባው ጉዞ ደግሞ የሸዋ ሮቢቱን ያህል አልተሻሻለም። እዚያ የሚያርፉት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ ማቆሚያው ላይ ሶኬት የለም። ሲሄዱ ባትሪው አብዛኛውን መንገድ ይይዛል፣ ሲመለሱ ግን 130 ኪሎ ሜትሩን፣ ያውም ከፍታው እየጨመረ፣ በቤንዚን ነው። በሊትር ከ25 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ይወጣዋል።

ውጤቱ

ሁሉም ሲገጥም የሸዋ ሮቢት ደርሶ መልስ 5 ሊትር ገደማ ይፈጃል፤ በሊትር ወደ 38 ኪሎ ሜትር። በሁለቱ ቆጣሪዎች ላይ ተደምሮ ለአንድ ጉዞ 26 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል መብራት ይቆጠራል። ይህን ሳይጨምሩ "በሊትር 38" ብሎ መፎከር ያው የሻጩን ወረቀት መድገም ስለሚሆን፣ ሒሳቡን በብር እንዲያስቡት አደረግሁ። ለመብራት የሚከፍሉት ከሁለት ሊትር ቤንዚን ዋጋ አይበልጥም። ከ13 ሊትር ወደ 7 ሊትር የሚጠጋ ወጪ ማለት ነው። ለሽቦ፣ ለብሬከርና ለሠራተኛ ያወጡት በአንድ የመስኖ ወቅት ተመለሰላቸው።

የፊት ፍሬን ሸራ ተቀይሯል። አዲሱ ሸራ ወራት ቆይቶ ሲታይ ገና እንደ አዲስ ነበር።

ለሌላ መንገድና ለሌላ መኪና

መንገዱ ሲለወጥ ስልቱም ይለወጣል። ከለሚ ወደ ዓለም ከተማ የሚሄድ ሰው የጀማን ሸለቆ ወርዶ ወዲያው ይወጣል፤ ወንዙ ዳር ሶኬት የለም። እሱ አፋፉ ላይ ባትሪው ገፋ ቢል ግማሽ ሆኖ መድረስ አለበት፤ ቁልቁለቱ የሚሰጠውን ዳገቱ ላይ እንዲያወጣው። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የሚወርድ ሰው አንኮበር አድሮ ሙሉ ቻርጅ ካደረገ፣ ከላይ ያየነውን የፍሬን ሽታ ራሱ ጋብዞ ነው። 80 በመቶ ላይ መንቀል ይሻለዋል። ሜዳማ ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ሰው ይህ ሁሉ ጣጣ የለም፤ ማታ ይሰካል፣ ቀን ይነዳል፣ የወረቀቱንም ቁጥር ሊጠጋ ይችላል።

ያገለገለች ፕለግ ኢን ሃይብሪድ ለመግዛት ያሰበ ሰው መኪናዋን ከማየቱ በፊት የቤቱን ሶኬት ያስመርምር። ቻርጀሩ ከመኪናዋ ጋር መኖሩን፣ ሲሰካም በትክክል መሥራቱን እዚያው ሻጩ ፊት ይሞክር፤ "ቤትህ ስትደርስ ይሠራል" የሚባለው አይበቃም። ፍጆታዋን ሲጠይቅ ሁለት ቁጥር ይጠይቅ፤ ባትሪው ሞልቶ ስንት፣ ባትሪው ባዶ ሆኖ ስንት። ለረጅም መንገደኛ እውነቱን የሚነግረው ሁለተኛው ነው።

ቤቱም ሆነ የሥራ ቦታው ሶኬት የማያገኝ ሰው ደግሞ ይህን ዓይነት መኪና ባይገዛ እመክራለሁ። ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን ባትሪ ባዶውን ተሸክሞ ጣርማበርን ከመውጣት፣ ተራ ሃይብሪድ በርካሽ ገዝቶ የቀረውን ብር ለፓምፕ ማዋል ይሻላል፤ ይህን ያሉት ባለጉዳዩ ራሳቸው ናቸው፣ ፓምፕ ሻጭ መሆናቸውን ሳንረሳ።